«አኳ»፦ የወሎ መንገድ እና የሞተር ሙቀት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የያዝኩት፤ ጊዜ ያላችሁ ቡናውን አስቀርባችሁ አንብቡ። ስለ ንጉሥም ስለ ጦርነትም ልጽፍ አልተነሣሁም፣ ሁለቱም ግን መንገድ ላይ ይገጥሙናል። ጉዳዬ የድሮ መኪና ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ለሹፌሩ እንዴት ይነግረዋል የሚለው ነው።

«ቲቸር፣ ይሄም ታሪክ ነው እንዴ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነው እንጂ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ፣ ከዚያ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልዲያ እያለ የሚሄደው መንገድ ላይ መኪና ከገባ ጀምሮ ሞተር ያልፈላበት ዘመን የለም። የአገሪቱን እህል፣ ጨው፣ ነዳጅና ወታደር የተሸከመው ደግሞ ይኸው መንገድ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ጎማውን ለማዞር የሚውለው ጉልበት ቢበዛ ሲሶው ነው። ሌላው ሲሶ ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረው ብረቱን ያሞቀዋል፤ ይህንን የሚያወጣለት ነገር ካልተገኘ ፒስቶኑ ተነፍቶ ሲሊንደሩን ይነክሳል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። የመጀመሪያዎቹ መኪና ሠሪዎች ለዚህ ያገኙት መልስ ውሃ ነው፤ ያውም እየፈላ የሚተን ውሃ። ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ ሦስት ጎማ መኪና ዛሬ ራዲያተር የምንለው ነገር አልነበረውም። ውሃው ሞተሩን እየከበበ ይፈላል፣ ይተናል፣ ያልቃል፣ ይጨመራል፤ በቃ። በኦገስት 1888 ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ለባሏ ሳትነግር ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዳ፣ በየመንገዱ ካገኘችው ምንጭና ጉድጓድ ውሃ እየቀዳች ነበር የምትሞላው።

ጊዜውን በእኛ ሂሳብ እዩት። እዚሁ ጎረቤታችን ውጫሌ ላይ ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ያንን ባለ አንቀጽ 17 ውል የተዋዋሉት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ቤርታ ውሃ እየቀዳች ስትነዳ ውሉ ሊፈረም ዘጠኝ ወር ቀርቶታል ማለት ነው። ያኔ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ከ47 ዓመት በኋላ ግን ጣልያን በመኪና መጣ፤ እዚያ እንደርሳለን።

ወደ እኛ አገር መጀመሪያ ከገቡት የሞተር ተሽከርካሪዎች አንዷ በነገራችን ላይ መፍላት ሥራዋ የሆነች ነበረች። በእንፋሎት የምትሄደውን የመንገድ መዳመጫ ማለቴ ነው፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለአፄ ምኒልክ ያስመጣት፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ያላት። እሷ ካልፈላች አትንቀሳቀስም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለምኒልክ አመጣ። ይቺኛዋ ደግሞ ከፈላች ትቆማለች። በዚያ ዘመን ሁለቱንም ያየ ሰው ግራ ቢገባው አልፈርድበትም።

ያኔ ክሩስኮት ላይ የሙቀት መለኪያ የሚባል ነገር የለም። ማስጠንቀቂያው እንፋሎቱ ራሱ ነው፤ ከፊት ሲጨስ አየህ፣ ቆምክ። እስከ 1927 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራችው የፎርድ ሞዴል ቲ እንኳ ከፋብሪካ ስትወጣ መለኪያ አልነበራትም። ይህንን ክፍተት ያየው ሃሪሰን ቦይስ የሚባል የኒውዮርክ ሰው ነው። በ1910ዎቹ ያመጣው ነገር ቀላል ነበር፦ አንድ ቴርሞሜትር ራዲያተሩ ክዳን ላይ ተከለ፤ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ በመስታወቱ አሻግሮ ያነበዋል። ስሙንም ሞቶሜትር አለው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ስለምመለስበት፦ የቦይስ ቴርሞሜትር የሚለካው ውሃውን አልነበረም፤ ከውሃው በላይ ያለውን እንፋሎት ነበር።

ቀጥሎ መለኪያው ከውጭ ወደ ውስጥ ገባ። አሠራሩን ሳየው ሁሌ ይገርመኛል። ሞተሩ ውስጥ ውሃው መሐል አንዲት ትንሽ የብረት አምፖል ትቀመጣለች፤ ውስጧ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ አለ፣ ብዙ ጊዜ ኤተር። ከእሷ እንደ ክር የቀጠነ የመዳብ ቱቦ እስከ ክሩስኮቱ ይዘረጋል። ውሃው ሲሞቅ ኤተሩ ይተናል፣ ትነቱ ይገፋል፣ ግፊቱ ክሩስኮቱ ውስጥ ያለችውን የታጠፈች ቧንቧ ሊያቃናት ይሞክራል፤ እሷ ስትቃና ቀስቷ ትንቀሳቀሳለች። የታጠፈችው ቧንቧ የፈረንሳዩ ቡርዶን የ1849 እ.ኤ.አ. ፈጠራ ናት፤ ለእንፋሎት ሞተር የታሰበች። ባትሪ የለም፣ ሽቦ የለም። ያቺ የመዳብ ቱቦ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀች ግን ኤተሩ ይወጣና ቀስቷ ታች ወርዳ ትተኛለች፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢቀልጥም አትነሣም። ኋላ የመጡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም አብዛኞቹ ያው ጠባይ አላቸው፦ ሽቦው ከተበጠሰ ቀስቷ «ቀዝቃዛ» ላይ ትቀራለች።

አሁን ወደ እኛ ተራራ እንምጣ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብላችሁ ሳይንስ ክፍል የተማራችሁት የባሕር ዳር ሰው ሂሳብ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውን የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ነጥብ በግምት አንድ ዲግሪ ይወርዳል። አሰብ ላይ 100 ከሆነ፣ እኛ ሐይቅ ከተማ 93 ወይም 94፣ ደሴ 92 ገደማ፣ ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ደግሞ 90 አይሞላም። ደሴ ላይ ንፍሮ የቀቀለች እናት ይህንን ከማንም ፊዚክስ መምህር ቀድማ ታውቀዋለች፤ ኮምቦልቻ ካለችው እህቷ ይልቅ እንጨት ይበዛባታል።

ለመኪናው ምን ማለት ነው? ግፊት የሚይዝ ክዳን የሌላቸው የድሮ ራዲያተሮች ላይ ውሃው የሚፈላው እዚያው ቦታ ባለው የአየር ግፊት ነው። ቀስቷ 95 ላይ ብትሆን አሰብ ያለው ሹፌር ሲጋራውን ለኩሶ መንገዱን ይቀጥላል። ደሴ ያለው ግን በ95 ውሃው ቀድሞ ፈልቶበታል። ጣልያን አገር ቁጭ ብሎ 100 ላይ ቀይ መስመር የቀባው ሰው ደሴን አላያትም! በዚያ ላይ ሳስቶ ያለው አየር ሞተሩን ያደክመዋል፤ 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳሩ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ እያጓራ መኪናው በእግረኛ ፍጥነት ይወጣል፣ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም፣ ቬንትሌተሩም የሚገፋው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ ደግሞ አለቀ።

እንግዲህ 1928 ዓ.ም. ላይ ደረስን። ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ሚያዝያ 7 ጣልያን ደሴን ያዘ። ከዚያ ባዶሊዮ ያንን ግዙፍ የመኪና ሰልፍ አሰለፈና ሚያዝያ 18 ከደሴ ተንቀሳቀሰ፤ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ፣ ፊያትና ላንቺያ ብቻ ሳይሆን የአሜሪካ ፎርድና ሸቭሮሌም ጭምር። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። 400 ኪሎ ሜትር የሆነውን መንገድ አሥር ቀን! ያም ተዋጊ ጦር ፊት ለፊት ሳይገጥመው። ያዘገየው ጭቃው፣ ጣርማ በር ላይ ፈርሶ የጠበቀው መንገድና አቀበቱ ነው። በዚያ ከፍታ፣ ወታደር በጫነ መኪና፣ በመጀመሪያ ማርሽ እየተጎተተ የሚሄድ ሰልፍ ውስጥ ስንት ራዲያተር እንደፈላ መገመት አይከብድም፤ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ግን የጄኔራሎቹን ስም እንጂ የሜካኒኮቹን አልጻፉልንም። ይሄ ሁሌ የማነሣው ቅሬታዬ ነው፣ ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ።

ጣልያን በአምስት ዓመቱ ቆይታ ከአስመራ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከደሴ አሰብ መንገድ ሠራ፣ ጣርማ በርንም በዋሻ በሳው። ለማን ብሎ እንደሠራው እናውቃለን። ከሄደ በኋላ የቀረልን ግን መንገዱ ብቻ አይደለም፤ ጋራዡ ቋንቋው ሁሉ የእሱ ሆኖ ቀረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፖምፓ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ ክሩስኮት። ማንበብ የማይችል ረዳት እንኳ የሚያውቀው አንድ ቃል ነበር፦ የፊያት ክሩስኮት ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው «አኳ»። ጣልያንኛ ነው፣ ውሃ ማለት ነው። «አኳውን እየው!» ይባላል። ቀስቷ ስትወጣ «አኳ ወጣ» ይባላል። ቃሉ ውሃ መሆኑ ቀርቶ ሙቀት ማለት ሆነ። እንዲህ ያለ የትርጉም ሽግግር መዝገበ ቃላት ውስጥ አታገኙትም።

ከዚያ የኤንትሬ ዘመን መጣ። ፊያት 682 በ1952 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረ ከባድ መኪና ነው፤ ሦስተኛው ዓይነቱ ኤን 3 ሲባል በጣልያንኛ «ኤኔ ትሬ»፣ በእኛ አፍ ኤንትሬ ሆነ። ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ናፍጣ ሞተር፤ አፍሪካ ውስጥ ብዙ አገር ላይ የበረሃ ንጉሥ ተደርጎ የተወራለት። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተቋቋመው አምቼም የፊያትን፣ ኋላም የኢቬኮን ከባድ መኪናዎች ሲገጣጥም ኖሯል። («አምቼ» የሚለው ቃል ከመኪና ወደ ሰው ተሻግሮ እዚህ ተወልዶ ያደገውን የኤርትራ ልጅ መጥሪያ መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። «ዕቃው ከዚያ፣ የተገጣጠመው እዚህ» ማለት ነው። የሐበሻ ምላስ!)

ሐይቅ ከተማ ጡረታ ላይ ያሉ አንድ የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር አሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ «ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣኝ» ብለውኛል። ረዳት ሆነው ነው ኤንትሬ ላይ የጀመሩት፣ አሰብ መስመር። አሰብ ከባሕሩ እኩል ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ በበጋ ከ40 በላይ። ከዚያ ቡሬ፣ ማንዳ፣ ኤሊዳር፣ ሰርዶ፣ ሎጊያ፣ ሚሌ፣ ባቲ እያለ ይወጣና ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ ከዚያ ሐረጎን ሽቅብ ደሴ። ከባሕር ጠለል እስከ 2,500 ሜትር፣ ከነተሳቢው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ሞተሩ መሞቁን በምን ታውቁ ነበር? በአኳው ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ።

«የኔ ልጅ፣ አኳውን የምታየው ሌላው ሁሉ ካመለጠህ ነው» አሉኝ። መጀመሪያ እግር ያውቃል፦ ከሞተሩ በኩል ወደ እግር የሚመጣው ሙቀት ይለወጣል። ቀጥሎ ጆሮ፦ ድምፁ ይደርቃል፣ ብረት ብረትን መታ መታ የሚያደርግ ይመስላል። ከዚያ ጉልበት፦ ትናንት በሦስተኛ የወጣኸውን አቀበት ዛሬ በሁለተኛ ከሆነ አንድ ነገር አለ። ከዚያ ሽታ፦ የፈላ ውሃና የሞቀ ጎማ ቧንቧ ሽታ። ቀስቷ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የምትመጣው። «ቀስቷ እኮ ምስክር ናት እንጂ ጠባቂ አይደለችም» አሉኝ። እኔ ይህንን ዓረፍተ ነገር ከክፍል ውስጥ ብዙ ደጋግሜዋለሁ፤ የሰማችሁት ከየት እንደሆነ ይኸው አሁን አወቃችሁ።

የረዳትም ሥራ ነገሩኝ። መኪናው ሲቆም ታኮ ይዞ የሚዘለው እሱ ነው። በርሜሉን ወይም ጀሪካኑን የሚሞላ፣ ውሃው ከየት እንደተቀዳ የሚያውቅ እሱ ነው። ውሃ ሁሉ ውሃ አይደለም፦ የበረሃው ውሃ ጨው አለው፣ ራዲያተሩ ውስጥ ተንኖ ተንኖ ቅርፊት ይሠራል፣ ቀጫጭኖቹን ቧንቧዎች ይደፍናል። የኛንስ ሐይቅ? «አይሆንም፤ የምንጭ ውሃ ነው እንጂ» አሉ። በጂኦግራፊ ስታዩት ልክ ናቸው። ሐይቃችን የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ሰውዬው ይህንን የተማሩት ራዲያተር ሲያስፈቱ ነው።

ሞተር ሲሞቅስ? ወዲያው አይጠፋም። ሐሳቡ መጀመሪያ ላይ አልገባኝም ነበርና ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። ውሃው እስካለ ድረስ ቆመህ፣ ማርሹን ዜሮ አድርገህ፣ ሞተሩን ቀስ ብሎ እንዲዞር ትተወዋለህ፤ ፖምፓውም ቬንትሌተሩም ይሠራሉና ሙቀቱ ይወርዳል። ቦታ ካለህ የመኪናውን ፊት ወደ ነፋስ ታዞራለህ። በድንገት ካጠፋኸው ቴስታታው ዙሪያ የቆመው ውሃ የባሰ ይፈላል። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ግን ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ወዲያው ታጠፋለህ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ ደግሞ ቴስታታውን እንደ ጋለ ብርጭቆ መሰንጠቅ ነው።

በ1977 ዓ.ም.ም ያንን መንገድ ሲነዱ ነበር። የዚያን ዓመት ነገር ወሎ ውስጥ ተወልዶ ያላደመጠ የለም። እርዳታው አሰብ ሲደርስ ትልቁ ችግር ማጓጓዣ ነበር፤ እህሉ ወደቡ ላይ፣ ሰው ባቲና ኮረም ላይ። አንድ ኤንትሬ ከነተሳቢው ከ100 ኩንታል በላይ ይጭናል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ብንይዝለት፣ 100 ኩንታል ማለት ከ650 ሰው በላይ ለአንድ ወር ይበላል ማለት ነው። ቴስታታው የተጣመመ መኪና ደግሞ መለዋወጫው እስኪገኝ ሳምንትም ወርም ይቆማል። ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ሰውዬው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያሉኝ፣ «ሌሊት ነበር የምንነዳው። ቀን ከነዳን ይፈላል፤ ከፈላ እንቆማለን፤ ከቆምን ምን እንደሚሆን እናውቃለን» ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳቸውም።

ወደ ትንንሾቹ መኪናዎች ልለፍ፤ ቮልስን ሳልጠቅስ ባልፍ የአዲስ አበባ ወዳጆቼ ይቀየሙኛል። ቮልስ ውሃ የላትም፣ ራዲያተር የላትም፣ የሙቀት ቀስትም የላትም። የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። «እንግዲያ ስትሞቅ በምን ይታወቃል?» በቀይ መብራቷ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ያቺ ቀይ መብራት የዲናሞ መብራት ናት፣ ባትሪው እየሞላ አይደለም ማለት ነው። ግን ቮልስ ላይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ አንድ ነው፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር ደግሞ የተገጠመው እዚያው ዲናሞ ዘንግ ላይ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ሲበጠስ ሁለቱም አንድ ላይ ይቆማሉ። ሹፌሩ «ባትሪ ነው፣ ቤት ስደርስ አየዋለሁ» ይላል፤ ሞተሩ ግን ያለ ነፋስ እየነደደ ነው፣ የሚጠብቅለት ደቂቃዎች ብቻ ነው። መብራቷ አልዋሸችም፤ ስሟን ነው ሰው ያላወቀው። ላዳ ግን ውሃ ያላት፣ ቀስት ያላት፣ ግልጽ መኪና ናት፦ የፊያት 124 ልጅ አይደለች? በደርግ ጊዜ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ስትዞር የኖረችው እኮ በሩሲያ አልፋ የመጣች ጣልያን ናት።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለአንድ ደቂቃ ላቁመውና እንደ ወንድም ልናገር። ኋላ ላይ የራዲያተር ክዳኖች ግፊት እንዲይዙ ተደረጉ፤ ውሃው ከመፍያው በላይ ሞቆ እንኳ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው። ለደጋ አገር ትልቅ መፍትሔ ነው፤ የደሴን 92 ዲግሪ ከ100 በላይ ያደርገዋል። ነገር ግን ክዳኑን የከፈታችሁ ቅጽበት ግፊቱ ይጠፋል፣ 105 ዲግሪ ላይ የነበረው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይመጣል። የድሮውን መኪና የለመዱ አባቶች ክዳን መክፈት አይፈሩም ነበር፤ ልጆቻቸው ያንኑ ልማድ ይዘው አዲሱን ክዳን ሲከፍቱ ተቃጠሉ። ጨርቅ አይመልሰውም። ቧንቧውን በእጃችሁ ያለ ስጋት መንካት እስክትችሉ ጠብቁ፣ በቃ። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ተሳፋሪው ይቆጣል እንጂ አይሞትም።

አሁን ቅድም ልብ በሉልኝ ወዳልኩት የቦይስ ቴርሞሜትር ልመለስ። ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በዕቁብ ብርና በብድር አሮጌ ኮሮላ ገዛ። ከውርጌሳ ወደ ውጫሌ ያለውን ጠመዝማዛ ሲወጣ ሞተሩ ደከመበት፣ አንቀው አንቀው አለና ቆመ። ቴስታታው ተጣሟል፣ አንድ ፒስቶን ነክሷል፤ የሁለት ዓመት ቁጠባ። ደውሎ፣ «ቲቸር፣ ወላሂ ጌጁን እያየሁት ነበር! ቀስቷ ታች ነበረች፣ እንዲያውም ወረደች!» አለኝ። ጋራዥ ያሉት አላመኑትም። እኔ አመንኩት።

ምክንያቱ ይኸው። የሙቀት መለኪያው ጫፍ የሚለካው የነካውን ነገር ነው። ውሃ ውስጥ ከሆነ የውሃውን ሙቀት ይነግራል። ቧንቧው ቀድዶ ውሃው ሁሉ ከፈሰሰ ጫፉ ባዶ አየር ውስጥ ይንጠለጠላል፤ አየር ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀት አያቀብልም። ሞተሩ እየጋለ፣ ቀስቷ ቀስ ብላ ልትወርድ ትችላለች። በጣም የከፋው ሁኔታ ላይ በጣም ጥሩውን ዜና ትነግራችኋለች። ቦይስ እንፋሎቱን ለመለካት የመረጠው ያለ ነገር አልነበረም፤ ውሃው ጎድሎ እንኳ ከላይ ያለውን እንፋሎት ያነባል። ከመቶ ዓመት በፊት የታሰበ ነገር በኋላኞቹ መኪናዎች ላይ ተረሳ ማለት ነው፣ ወይም ርካሹ መንገድ ተመረጠ።

የታሪክ ተማሪዎቼ፣ ስለ ምንጭ የነገርኳችሁ ትዝ አላችሁ? አንድ የታሪክ ምንጭ ዝም ሲል፣ ነገሩ አልነበረም ማለት ነው ወይስ ምንጩ የቆመበት ቦታ ለማየት አላስቻለውም? የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ስለ ገበሬው ረሃብ ካልጻፈ ረሃብ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ጫፉ ውሃው ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ጋሼ አምስት ምስክር አቁመው ነበር የሚነዱት፦ እግር፣ ጆሮ፣ ጉልበት፣ አፍንጫ፣ በመጨረሻም ቀስቷ። ልጁ የነበረው ምስክር አንድ ብቻ ነበር፤ የተዘጋ መስታወት፣ ከፍ ያለ ሙዚቃ፣ አንድ ቀስት። በእሱ አልፈርድም፣ ሌላውን ማንም አላስተማረውም። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የሚጠየቀው የትራፊክ ምልክት ነው።

ዛሬ የሚመጡት መኪናዎች ብዙዎቹ ቀስቷን ጭራሽ አውጥተዋታል፤ ሰማያዊ መብራት ሲቀዘቅዝ፣ ቀይ ሲግል፣ መሐሉ ጨለማ። ኤንትሬዎቹ ደግሞ በየጓሮው ቆመው ዶሮ እየሰፈረባቸው ነው፣ ብረታቸውም እየተቆረጠ ይሸጣል። አሰብ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የወሎ ሹፌር መንገድ መሆኑ ቀርቷል፤ የዛሬዎቹ ሹፌሮች ጅቡቲ ነው የሚያውቁት።

እኔ ያሰብኩት እነዚያ ክሩስኮቶች ሳይጠፉ ፎቶ መሰብሰብ ነው። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ሹፌር የነበሩ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ኤንትሬም ይሁን ትሬንታ ኳትሮ፣ ላንድሮቨርም ቢሆን የቆመላችሁ ካለ፣ ክሩስኮቱን ከፊት ለፊት፣ በቀን ብርሃን አንሡና በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ቀይ መስመሩ ስንት ላይ እንደተቀባ እንዲታይ አድርጋችሁ። ሹፌሩ በሕይወት ካሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፦ ሐረጎ ላይ ሲወጡ ቀስቷ የት ስትደርስ ነበር የሚቆሙት? ቁጥሩን ጻፉልኝ። ጋሼ ያሉኝ 85 ነው፤ ሌሎቹ ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ።